ፍካቱ ብርሃኑን ሲቀድም፦ በባሕር ዳር አንድ ቤተ ሙከራ የ40 ሜጋኸርዝ ሎክ-ኢን ንባብ የተሳሳተበት ምክንያት

ፍሎረሲን የሚባለው ቀለም በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሲሟሟ የፍካት ዕድሜው፣ ማለትም ቀስቃሹ ብርሃን ከመታው በኋላ ፍካቱ እስኪከስም የሚቆይበት አማካይ ጊዜ፣ 4 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። የፍካት ዕድሜ የሚለካ ሰው ሁሉ መሣሪያውን መጀመሪያ የሚፈትሸው በእሱ ነው። ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ የባሕር ዳር ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ይኸው መፍትሔ 2.8 ናኖሰከንድ ተነበበ። በአራት እጥፍ ሲቀጥን ደግሞ ከዜሮ በታች ወርዶ −0.64 ሆነ። ይህ ፍካቱ ከቀሰቀሰው ብርሃን ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው፤ ልጅ አባቱን በዕድሜ በለጠ እንደ ማለት።

ሁለተኛው ቁጥር ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው በቀላሉ ይታለፍ ነበር። 2.8 ሲታይ ቀለሙ አርጅቷል፣ መፍትሔው በደንብ አልተዘጋጀም፣ ሙቀቱ ከፍ ብሏል ማለት ይቻላል። −0.64 ግን ማመካኛ የለውም። ጥፋቱ ያለው መለኪያው ውስጥ ነው።

ምን ሊለካ ነበር

የመጨረሻው ዓላማ ፍሎረሲን ሳይሆን የጣና ውኃ ነበር። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ከሁሉም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ጉማራን የመሳሰሉ ወንዞች አፈር ይዘው ሲገቡበት ይደፈርሳል። በድፍርስ ውኃ ውስጥ ያለ አልጌ ምን ያህል እንደሚፈካ በብርሃን ብዛት ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ጭቃው መጪውንም ተመላሹንም ብርሃን ይበላዋል። የፍካት ዕድሜ ግን በብርሃኑ ብዛት ላይ አይመሠረትም። ግማሹ ብርሃን ቢጠፋ እንኳ የቀረው ግማሽ በዚያው ፍጥነት ይከስማል። ሕይወት ባለው አልጌ ውስጥ የክሎሮፊል ፍካት ዕድሜ እንደ ፎቶሲንተሲሱ ሁኔታ ከ0.3 እስከ 2 ናኖሰከንድ ባለው ክልል ይወጣል ይወርዳል፤ ተፈላጊው ይህ ለውጥ ነው።

ይህን ያህል አጭር ጊዜ በቀጥታ ለመቁጠር ውድ መሣሪያ ይጠይቃል። ሌላው መንገድ የሌዘሩን ብርሃን በ40 ሜጋኸርዝ ማወላወል፣ ማለትም በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግና ፍካቱ በስንት ዲግሪ እንደ ዘገየ መለካት ነው። የዘገየበት ማዕዘን ታንጀንት ከ2 × 3.1416 × ፍሪኩዌንሲው × ዕድሜው ጋር እኩል ነው። በ40 ሜጋኸርዝ የ4 ናኖሰከንድ ፍካት 45.15 ዲግሪ ይዘገያል፣ መወላወሉም ወደ 0.705 ይቀንሳል። የ0.5 ናኖሰከንድ ፍካት የሚዘገየው 7.2 ዲግሪ ብቻ ነው። ማዕዘኑን የሚያነበው እስከ 200 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር ነው፤ የገባውን ሲግናል ከሪፈረንሱ (ሌዘሩን ከሚያወላውለው ሲግናል ቅጂ) ጋር ያባዛል፣ ያጣራል፣ ከዚያ ኤክስና ዋይ ብሎ ሁለት ቁጥር ያወጣል።

አሠራሩ

ምንጩ የ450 ናኖሜትር ሌዘር ዳዮድ ነው። ቋሚው ከረንት ከ40 ሜጋኸርዙ ጋር ባያስ-ቲ በሚባል መቀላቀያ ይቀላቀላል። ጄኔሬተሩ የሚሰጠው 10 ዲቢኤም 50 ኦም ላይ 1 ቮልት ጫፍ ነው፤ በ47 ኦም ሬዚስተር አልፎ ዳዮዱ ላይ ሲደርስ 20 ሚሊአምፕ ጫፍ ይሆናል። በዚህ የሌዘሩ ብርሃን በግማሽ ያህል ይወላወላል። ናሙናው በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (ብርሃን አሳላፊ የናሙና ዕቃ) ውስጥ ይቀመጣል፤ ፍካቱ በ90 ዲግሪ ጎን ተወስዶ፣ ከ500 ናኖሜትር በላይ ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ በኩል ደካማ ብርሃንን ወደ ጎላ ከረንት ወደሚለውጠው ፎቶማልቲፕላየር ቱቦ ይገባል። የቱቦው ካቶድ ቀይ ብርሃንም የሚያይ መልቲአልካሊ ነው፤ ተራው ዓይነት 680 ናኖሜትር ላይ ለክሎሮፊል አይሆንም።

ቱቦው በአማካይ 2 ማይክሮአምፕ ሲሰጥ በሎክ-ኢኑ 50 ኦም መግቢያ ላይ 100 ማይክሮቮልት ቋሚ ቮልቴጅ ይኖራል። ከዚህ ላይ 40 ሜጋኸርዙ 36 ማይክሮቮልት አርኤምኤስ ገደማ ነው። የቱቦው ሾት ኖይዝ (ብርሃን በነጠላ ቅንጣት ስለሚደርስ የሚፈጠረው ረብሻ)፣ ማጉያው አንድ ሚሊዮን እጥፍ ሲሆን፣ በዚያው 50 ኦም ላይ በስኩዌር ሩት ኸርዝ 46 ናኖቮልት ያህል ይሆናል። ታይም ኮንስታንቱ (ሎክ-ኢኑ ንባቡን የሚያማክልበት ጊዜ) 300 ሚሊሰከንድ፣ ማጣሪያው 12 ዴሲቤል በኦክታቭ ሲሆን የኖይዝ ስፋቱ 1 ለ8 ታይም ኮንስታንት፣ ማለትም 0.42 ኸርዝ ነው። ኖይዙ ወደ 30 ናኖቮልት ይወርዳል። የፍሎረሲኑ ሲግናል ከ36 በ0.705 ቀንሶ 25 ማይክሮቮልት ገደማ ነው፤ በዚህ ላይ 30 ናኖቮልት ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ በዕድሜ ሲቆጠር 10 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው።

ስለዚህ ከ4.0 ወደ 2.8 የወሰደው ኖይዝ ሊሆን አይችልም። ለሎክ-ኢን አዲስ የሆነ ሰው የተበላሸ ንባብ ሲያይ ቶሎ ብሎ ታይም ኮንስታንቱን ያስረዝማል። እዚህም ከ300 ሚሊሰከንድ ወደ 10 ሰከንድ ተወሰደ። ቁጥሩ ይበልጥ የረጋ ሆነ፤ ስሕተቱ ግን አንድም አልተነቃነቀ። የረጋ ስሕተት ከሚንቀጠቀጠው ይልቅ አደገኛ ነው፣ ሰው ያምነዋልና።

የዜሮ ዲግሪው መለኪያ

ማዕዘን የሚለካው ከአንድ መነሻ አንጻር ነው። መነሻው ዕድሜ የሌለው፣ ብርሃን በታኝ ፈሳሽ መሆን አለበት። ለዚህ የተዘጋጀ የሲሊካ በታኝ ይሸጣል፤ እዚህ ግን በተጣራ ውኃ ውስጥ የተንጠባጠበ ወተት አገልግሏል፣ ለአንድ ሊትር ሦስትና አራት ጠብታ። ወተት ቀኑን ሙሉ አይቆይም፤ ትኩስ መዘጋጀት አለበት። ለበታኙ ማጣሪያው ወጥቶ በምትኩ ግራጫ ማደብዘዣ ይገባል፣ ቋሚው ከረንት ከናሙናው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ። የመስታወት ለውጡ ብዙም አይጎዳም፦ 3 ሚሊሜትር መስታወት 5 ፒኮሰከንድ ብቻ ይጨምራል፣ 0.07 ዲግሪ።

የሌዘሩን ከረንትና የቱቦውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ግን በበታኙና በናሙናው መካከል መንካት ክልክል ነው። የዳዮዱ ፌዝ (የሲግናሉ ማዕዘን) ከቋሚ ከረንቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ኤሌክትሮን በቱቦው ውስጥ የሚጓዝበት ጊዜም ከቮልቴጁ ጋር ይለወጣል። ሲግናሉ ከበዛ በማደብዘዣ ይቀነሳል እንጂ በቁልፍ አይቀነስም።

ኬብልም እንዲሁ። በተለመደው አርጂ-58 ኬብል ውስጥ ሲግናል አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ በ40 ሜጋኸርዝ 72 ዲግሪ ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር ኬብል ብቻ 0.7 ዲግሪ። በመሐል ሌላ ኬብል የቀየረ ሰው ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ያልታየው ቬክተር

የጥፋቱ ሥር የጨለማ ንባብ አወሳሰድ ላይ ነበር። የቤተ ሙከራው ልማድ ሌዘሩን አጥፍቶ ዜሮ ማንበብ ነው። ሌዘሩ ሲጠፋ ሎክ-ኢኑ ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ቁጥር ያሳያል፤ ንጹሕ ነው ተብሎ ወደ ሥራ ይገባል። ነገር ግን ሌዘሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ብርሃኑ ብቻ አይደለም። በሽቦው የሚሄደው 20 ሚሊአምፕ የ40 ሜጋኸርዝ ከረንትም ይጠፋል። ፈተናው ሌዘሩ በርቶ፣ ብርሃኑ በጥቁር ካርቶን ታግዶ መሆን ነበረበት።

እንዲህ ሲደረግ ሎክ-ኢኑ 9.0 ማይክሮቮልት አነበበ። ማዕዘኑም ከእውነተኛው የበታኝ መነሻ ሲቆጠር +60 ዲግሪ ላይ የቆመ ነበር። ምንም ብርሃን ሳይደርስ ማለት ነው። ይህ ሾልኮ የገባ ሲግናል ነው፤ ከዚህ በኋላ ሾላኪ እንለዋለን። ከእውነተኛው ሲግናል ጋር አንድ ፍሪኩዌንሲ አለው፣ ፌዙም የተቆለፈ ነው፤ ሎክ-ኢን ሊለየው የሚችልበት መንገድ የለም፣ ታይም ኮንስታንቱ አንድ ሰዓት ቢሆንም።

9 ማይክሮቮልት ትንሽ ይመስላል። ሌዘሩን ከሚነዳው 0.7 ቮልት አርኤምኤስ ጋር ሲነጻጸር ከ78 ሺህ አንዱ ነው፣ 98 ዴሲቤል ዝቅ ያለ። ግን የሚደመረው ከ25 ማይክሮቮልት ጋር ነው፤ ያውም እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ቬክተር።

በወረቀት ላይ እንዲህ ይወጣል። በታኙ በእውነት 36 ማይክሮቮልት በ0 ዲግሪ ነው። ሾላኪው በኤክስ 4.50፣ በዋይ 7.79 ይጨምርበታል። ድምሩ ኤክስ 40.50፣ ዋይ 7.79፤ ማለትም 41.2 ማይክሮቮልት በ+10.9 ዲግሪ። ፍሎረሲኑ በእውነት 25.4 ማይክሮቮልት በ−45.15 ዲግሪ ነው፣ ኤክስ 17.91፣ ዋይ −18.01። ሾላኪው ሲጨመር ኤክስ 22.41፣ ዋይ −10.22፤ ማዕዘኑ −24.5 ዲግሪ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 45.15 መሆን ሲገባው 35.4 ሆነ። ታንጀንቱ ተወስዶ ሲከፈል 2.83 ናኖሰከንድ።

የቀጠነው መፍትሔ ላይ ደግሞ እውነተኛው ሲግናል 6.35 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ ከሾላኪው ያንሳል። ድምሩ ኤክስ 8.98፣ ዋይ 3.29፣ ማዕዘኑ +20.1 ዲግሪ። ከበታኙ +10.9 በ9.2 ዲግሪ ይቀድማል። −0.64 ናኖሰከንድ የመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱም የማይመስሉ ቁጥሮች በአንድ ቬክተር ተፈቱ።

ሌላ ወጥመድም ነበረ፣ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው። ዕድሜ ከፌዝ ብቻ ሳይሆን ከመወላወሉ መቀነስም ይሰላል። አንድ ዕድሜ ብቻ ላለው ቀለም ሁለቱ ስሌቶች እኩል መምጣት አለባቸው። እዚህ ከፌዝ 2.8፣ ከመወላወል 5.3 ናኖሰከንድ መጣ። ከፌዝ የሚሰላው ከመወላወል ከሚሰላው ሲያንስ የመስኩ መጻሕፍት የሚሰጡት ትርጉም ናሙናው የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ክፍሎች አሉት የሚል ነው። ፍሎረሲን ባይሆንና የሐይቅ አልጌ ቢሆን ኖሮ፣ ማንም ሳይጠራጠር «ሁለት ዓይነት ክሎሮፊል ተገኘ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፍ ነበር። የታወቀ መፍትሔ ሳይለኩ ያልታወቀውን መለካት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከየት ነው የሚሾልከው

ፍለጋው የተሄደበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ሌዘሩ በሁሉም ላይ በርቷል፣ ብርሃኑ ታግዷል።

– የቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጠፋ፦ 9.0 ሳይለወጥ ቀረ። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ የሚጎላ ነገር አይደለም፤ ሾልኮ የገባ ብርሃንም አይደለም።
– የሲግናሉ ኬብል ከሎክ-ኢኑ ተነቅሎ መግቢያው በ50 ኦም ክዳን ተዘጋ፦ 0.3 ማይክሮቮልት። ይህ የመሣሪያው የራሱ የውስጥ ሾላኪ ነው፤ ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም።
– ኬብሉ ተመልሶ ገባ፣ በሌላው ጫፍ ግን ከቱቦው ሳይገናኝ በ50 ኦም ክዳን ተዘጋ፦ 3.1።
– ኬብሉ ከቱቦው ቤት ጋር ተገናኘ፦ እንደገና 9.0።

ከዚህ የሚነበበው፣ ጥቂቱ በኬብሉ ላይ በአየር እንደሚመጣ፣ አብዛኛው ግን የቱቦው የብረት ቤትና የኬብሉ መሸፈኛ በሚሠሩት ቀለበት እንደሚዞር ነው። ሰው እጁን ወደ ኬብሉ ሲያስጠጋ ማዕዘኑ በአምስትና በስድስት ዲግሪ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለቤተ ሙከራው ሰዎች ጉዳዩን ያሳመነውም ከማንኛውም ስሌት በላይ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ የተባከነ ሥራ አለ። ችግሩ «የምድር ሽቦ» ነው በሚል ግቢው ውስጥ አዲስ የምድር ዘንግ ተቀብሮ በ6 ሜትር ሽቦ ወደ ክፍሉ ተሳበ። ንባቡ ላይ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ቀጥ ያለ ሽቦ በሜትር ወደ 1 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው። 6 ሜትሩ በመብራት 50 ኸርዝ 0.002 ኦም ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። በ40 ሜጋኸርዝ ግን 1500 ኦም ነው። ዘንጉ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ ያድናል፤ ስለዚህ ይቆይ። ለዚህ ጉዳይ ግን ምድር ጭራሽ አልነካችውም።

መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ኢንቨርተርም ተጠርጥሮ ነበር። በኦሲሎስኮፕ ሲታይ ከሁሉ የሚያስፈራው የእሱ ረብሻ ነው፣ ብዙ ሚሊቮልት። ግን ፍሪኩዌንሲው ሌላ ነው፤ ሎክ-ኢኑ ይጥለዋል። በኦሲሎስኮፕ ጎልቶ የሚታየው ምንም አልጎዳም፣ የጎዳው ኦሲሎስኮፑ ጭራሽ የማያየው 9 ማይክሮቮልት ነበር።

ጥገናው

መጀመሪያ የተነካው ለሌዘሩ ቋሚ ከረንት የሚያመጣው ያልተሸፈነ ጥንድ ሽቦ ነው። ርዝመቱ 1.9 ሜትር ነበር። የ40 ሜጋኸርዝ ሞገድ በአየር 7.5 ሜትር ነው፤ ሩቡ 1.88 ሜትር። ማንም አስቦበት ሳይሆን ጥሩ አንቴና ተሠርቶ ነበር። ሽቦው በ35 ሴንቲሜትር የተሸፈነ ጥንድ ሲተካ ሾላኪው ከ9.0 ወደ 5.2 ወረደ። ባያስ-ቲውና ዳዮዱ በአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ ገብተው፣ ቋሚው ከረንት በሣጥኑ ግድግዳ ላይ በተበየዱ፣ ቋሚውን ከረንት አሳልፈው 40 ሜጋኸርዙን ወደ ሣጥኑ በሚያስቀሩ የ1 ናኖፋራድ ፊድ-ስሩ ካፓሲተሮች እንዲያልፍ ሲደረግ 2.6 ሆነ። የሣጥኑ ክዳን ብሎኖች አራት ብቻ ነበሩ፤ ስምንት ሲሆኑ ንባቡ ጥቂት ቀነሰ፣ በክዳኑና በሣጥኑ መካከል ያለ ቀጭን ክፍተትም ያሾልካልና።

ቀጥሎ የሌዘሩ ሣጥንና የቱቦው ቤት በአንድ የአሉሚኒየም ጠረጴዛ ላይ ታስረው የሚሠሩት ቀለበት መጣ። በሌዘሩ ሣጥን ሥር 1 ሚሊሜትር የናይለን ንጣፍ ገባ፣ ብሎኖቹም ናይለን ሆኑ። በመልቲሜትር ሲለካ ሣጥኑና ጠረጴዛው ፍጹም አይገናኙም፤ ሾላኪው ግን ከ2.6 ወደ 2.2 ብቻ ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሣጥኑ ሥር 50 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ሁለት ብረት መካከሉ ቀጭን ናይለን ሆኖ ሲቀመጥ 155 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ይሆናል። ይህ በ40 ሜጋኸርዝ 26 ኦም ነው። ለመልቲሜትሩ የተቆረጠ፣ ለ40 ሜጋኸርዝ ክፍት በር። ናይለኑ ወጥቶ በምትኩ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው በደንብ የደረቀ የዋንዛ ቁራጭ ገባ። ካፓሲታንሱ ወደ 13 ፒኮፋራድ ገደማ ወረደ፣ መንገዱም 300 ኦም ያህል ሆነ፤ ሾላኪው 1.1። እንጨቱ መድረቁ ወሳኝ ነው፤ እርጥብ እንጨት ለዚህ አይሆንም። በሚቀጥለው ክረምት የሐይቁ እርጥበት ንባቡን እንዳይለውጠው ቁራጩ ቫርኒሽ ተቀብቷል።

የሲግናሉ ኬብል በ43 ቁጥር ፌራይት ቀለበት ላይ ሰባት ጊዜ ተጠመጠመ፤ በመሸፈኛው ላይ የሚጓዘውን ከረንት የሚያቆመው ይህ ነው። 0.5። ሲግናሉና ሪፈረንሱ በአንድ ላይ ታስረው ይሄዱ የነበሩት ተለያይተው በጠረጴዛው ሁለት ጎን ተዘረጉ፣ መሸፈኛው የላላ አንድ ቢኤንሲ ጫፍም ተቀየረ። 0.35። ከዚህ በታች የሚቀረው የመሣሪያው የራሱ 0.3 ስለሆነ ጥገናው እዚህ ቆመ።

በመንገድ ላይ ከዚህ የተለየ ሌላ እንግዳ ነገር ተገኝቷል። ሥራው የተጀመረው በ33 ሜጋኸርዝ ነበር። የዚህ ሎክ-ኢን ሚክሰር በካሬ ሞገድ ስለሚያባዛ፣ ሦስተኛውን እጥፍም በሲሶ ጉልበት ይሰማል። የ33 ሦስት እጥፍ 99 ነው፣ ከ88 እስከ 108 ባለው የኤፍኤም ሬዲዮ ክልል መካከል። ብርሃኑ ታግዶ ሳለ ንባቡ እስከ 0.8 ማይክሮቮልት ይዘል ነበር፤ ንግግር ሲሆን አንድ ዓይነት፣ ሙዚቃ ሲሆን ሌላ ዓይነት። ይህ ሾላኪ ሳይሆን እውነተኛ የውጭ ጣልቃ ገብነት ነው፤ ማዕዘኑ ስለማይቆም ይለያል። ፍሪኩዌንሲውን በ100 ኪሎኸርዝ ማሸሽ ሦስተኛውን በ300 ስለሚያሸሽ ረጭ ይላል። 40 ሜጋኸርዝ የተመረጠው ከ4 ናኖሰከንድ ጋር ስለሚስማማ ብቻ ሳይሆን ከኤፍኤም ስለሚወጣም ነው። ሦስት እጥፉ 120 ግን ከ118 እስከ 137 ባለው የአውሮፕላን ሬዲዮ ክልል ውስጥ ነው፤ ለጥንቃቄ መግቢያው ላይ 48 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ገብቷል። ማጣሪያው የራሱን ፌዝ ይጨምራል፤ በታኙም ናሙናውም በእሱ በኩል ስለሚያልፉ ይጣፋል።

የቀረውን መቀነስ

0.35 ማይክሮቮልት በ25 ላይ በክፉ ማዕዘን ቢያርፍ 0.8 ዲግሪ ያሳስታል። ይህ የሚወጣው በመቀነስ ነው፤ በሌዘሩና በናሙናው መካከል መጋረጃ ይከፈታል፣ ይዘጋል። 20 ሰከንድ ክፍት፣ 20 ሰከንድ ዝግ፣ አሥር ዙር። ከየ20 ሰከንዱ የመጀመሪያው 3 ሰከንድ ይጣላል፤ 12 ዴሲቤል ማጣሪያ እስኪረጋ 7 ታይም ኮንስታንት፣ ማለትም 2.1 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ዝግ ሲሆን ሌዘሩ እንደበራ ይቆያል። ሮበርት ዲኪ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው የማይክሮዌቭ ራዲዮሜትር ውስጥ መግቢያውን በሚለካውና በሚታወቀው መካከል የሚያመላልሰው ስልት ከዚሁ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛ ሎክ-ኢን ያለው ቤተ ሙከራ መጋረጃውን በሚሽከረከር ቾፐር ተክቶ በፍጥነት ያደርገዋል።

የሚቀነሱት ኤክስ ከኤክስ፣ ዋይ ከዋይ ናቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ላይ የተቀነሰው ጠቅላላ መጠኑ ነበር፦ 24.6 ሲቀነስ 9.0፣ 15.6። እውነተኛው ግን 25.4 ነው፤ ሾላኪው ሲጨመርበት እንዲያውም አንሶ ነበር። በስክሪኑ ላይ መጠንና ማዕዘን ማየት ለዓይን ይመቻል፣ ለመዝገብ ግን ኤክስና ዋይ ብቻ ይያዙ።

መፈተሻው መፍትሔ እንዲህ ይዘጋጃል። 4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በአንድ ሊትር ውኃ። በዚህ ውስጥ 38 ሚሊግራም የፍሎረሲን ሶዲየም ጨው በ100 ሚሊሊትር ተሟሙቶ 1 ሚሊሞላር ይሆናል፤ ከዚያ 1 ሚሊሊትር ተወስዶ አንድ ሊትር ይሞላል፣ 1 ማይክሮሞላር። ከዚህ ከወፈረ መፍትሔው የራሱን ፍካት መልሶ እየመጠጠ ዕድሜውን ያስረዝመዋል። በጣም ከቀጠነ ደግሞ የውኃው ራማን ብርሃን (ውኃው ራሱ ቀለሙን ለውጦ የሚበትነው የሌዘር ብርሃን) ይገባል፤ በ450 ናኖሜትር ሌዘር 531 ናኖሜትር ላይ ያርፋል፣ ማጣሪያው አያግደውም፣ ዕድሜውም ዜሮ ነው። መሣሪያዎቹ አንድ ሰዓት ከሞቁ በኋላ በታኝ፣ ናሙና፣ በታኝ ተብሎ ይለካል፤ ሁለቱ በታኞች ከ0.2 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ንባቡ ይጣላል።

በዚህ አሠራር አምስት ልኬት 4.03፣ 3.98፣ 4.01፣ 4.02፣ 3.97 ናኖሰከንድ ሰጠ። በአራት እጥፍ የቀጠነው 4.05። ከመወላወል የተሰላው 4.1።

የሐይቁ ናሙና

አባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ የተቀዳ ውኃ 20 ደቂቃ በጨለማ ተቀምጦ፣ ማጣሪያው በ680 ናኖሜትር ተተክቶ ሲለካ ሲግናሉ ወደ 6 ማይክሮቮልት ነበር። ከጥገናው በፊት ይህ ከሾላኪው ያነሰ ነው። ናሙናው በማግኔት እየተቀላቀለ ይለካል፤ አልጌው ካልተቀላቀለ ሌዘሩ የሚመታው ክፍል በደቂቃ ውስጥ ብርሃን ይለምድና ዕድሜው ከጅምሩ ይለያል። ንባቡ 8.9 ዲግሪ፣ 0.62 ናኖሰከንድ ሆነ። 10 ማይክሮሞላር ዲሲኤምዩ (ፎቶሲንተሲስን የሚያግድ ፀረ-አረም ኬሚካል) ተጨምሮ ፎቶሲንተሲሱ ሲታገድ ወደ 20.7 ዲግሪ፣ 1.5 ናኖሰከንድ ወጣ። አቅጣጫው የሚጠበቀው ነው፤ መውጫው የተዘጋበት ክሎሮፊል ረዘም ብሎ ይፈካል።

ከጉማራ መግቢያ የመጣው የክረምት ውኃ ግን አስቸግሯል። ጭቃው የሚበትነው ሰማያዊ ብርሃን በማጣሪያው ትንሽ ይሾልካል፤ ዕድሜው ዜሮ ስለሆነ ማዕዘኑን ወደ ታች ይጎትታል። ይህም ቬክተር ነው፣ በኤክስና በዋይ ይቀነሳል፤ ግን ባዶው፣ ማለትም አልጌ የሌለበት ማነጻጸሪያው፣ ምን ይሁን? ውኃው በመስታወት ፋይበር ወረቀት ሲጣራ አልጌውም ጭቃውም አብረው ይቀራሉ፤ የተጣራው ውኃ የሟሟውን ቀለም ብቻ ይሰጣል፣ የጭቃውን ብተና አይሰጥም። አሁን የተያዘው መላ ሁለት የ680 ማጣሪያ ደርቦ ማስገባት ነው። ሲግናሉን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፣ የሚሾልከውን ሰማያዊ ግን ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል። በታኙ የሚለካው በ450፣ ክሎሮፊሉ ደግሞ በ680 ናኖሜትር በመሆኑ፣ ቱቦው ለሁለቱ ቀለም የሚሰጠው የጊዜ ልዩነት አልታረመም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ 0.62 እና 1.5 እንደ ፍጹም ዕድሜ ሳይሆን፣ ዲሲኤምዩ ከመጨመሩ በፊትና በኋላ እንደ ታየ ልዩነት ተጽፈዋል።